የኤተርኔት ድራይቨር ቅንብርና መዝገቡ፦ አጭር ታሪክ ከወላይታ ሶዶ አንጻር

ኤተርኔት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን በሽቦ እያያያዘ መረጃ የሚያመላልስ ሥርዓት ሲሆን፣ የኤተርኔት ድራይቨር የሚባለው ደግሞ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በኔትወርክ ካርዱ መካከል ገብቶ የአንደኛውን ትእዛዝ ሁለተኛው በሚገባው መንገድ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ሥራውን የሚያከናውነው በቅንብሮች መሠረት ነው፤ ቅንብሮች የሚባሉትም ካርዱ በምን ያህል ፍጥነት እንዲሠራ፣ መላክንና መቀበልን በአንድ ጊዜ ወይስ በየተራ እንዲፈጽም፣ አንድ የመረጃ እሽግ እስከ ምን ድረስ እንዲገዝፍ፣ ተራ የሚጠብቁ እሽጎችም ስንት እንዲሆኑ የሚወስኑ እሴቶች ናቸው። እነዚህን እሴቶች ጽፎ የማቆየት ሥራ በኮምፒዩተር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚያገኘው ቦታ አነስተኛ ነው፤ ታሪኩ የሚጻፈው ስለ ፈልሳፊዎችና ስለ ፍጥነት ነውና። መሣሪያው ከሩቅ ተገዝቶ በሚደርስበት አገር ግን፣ በተለይም ከዋና ከተማው በራቀ ቦታ፣ የአንድ ኔትወርክ ዕድሜ በመሣሪያው ጥራት ከሚወሰነው ይልቅ በመዝገቡ መኖርና አለመኖር የሚወሰነው ይበልጣል። የወላይታ ሶዶና የአካባቢዋ ታሪክ ይህን ለማየት የሚያመች ነው።

ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የወላይታ መንግሥት በንጉሥ ጦና ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ድል ከተነሣ በኋላ አካባቢው የማእከላዊው መንግሥት አስተዳደር አካል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የአስተዳደር አጥሩ ደጋግሞ ተለዋውጧል። ወላይታ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበረች፤ ቀጥሎ መቀመጫው አርባ ምንጭ በሆነው ሰሜን ኦሞ ውስጥ ተጠቃለለች፤ በ1993 ዓ.ም. ራሷን የቻለች ዞን ሆነች፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በሰነድ አያያዝ ረገድ አካባቢው ባዶ አልነበረም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመውና ዋዱ በሚል አጠራር የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ፕሮጀክት የተዋቸው ዘገባዎች የአካባቢውን የእርሻ ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬም የሚያገላብጣቸው ናቸው። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ይህን ያህል የጻፈ ከተማ ስለ ኮምፒዩተር ሽቦው ግን እምብዛም አልጻፈም፤ ምክንያቱን ለመረዳት የቴክኖሎጂውን አመጣጥ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ኤተርኔት የተጠነሰሰው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ሲሆን፣ ሮበርት ሜትካፍ ሐሳቡን በማስታወሻ መልክ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1973 ነበር። ሜትካፍና ባልደረባው ዴቪድ ቦግስ የሠሩት የመጀመሪያው መስመር በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ያስተላልፍ የነበረ ሲሆን፣ የሐሳቡ መነሻም በሃዋይ ደሴቶች መካከል በሬዲዮ መረጃ ያመላልስ የነበረው አሎሃ የተባለው ኔትወርክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በጋራ የሰከንድ 10 ሜጋቢት መስፈርት አወጡ፤ በ1983 ደግሞ አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.3 በሚል ቁጥር አጸደቀው። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተሮቹ የሚያያዙት በወፍራም ኬብል ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ኮምፒዩተር የሚቀጠልበት ቦታም በየ2.5 ሜትር ርቀት እንዲሆን በመስፈርቱ ተደንግጎ ነበር። የርቀቱ ምልክት በኬብሉ ልባስ ላይ ይታተም ስለነበር፣ ሠራተኛው የሚያስፈልገውን ልክ የሚያነበው ከራሱ ከኬብሉ ላይ ነበር፤ መመሪያው ከመሣሪያው ሳይለይ የሚገኝበት ይህ ሁኔታ ግን ብዙ አልቆየም።

ችግሩ የጀመረው ኤተርኔት ወደ ግል ኮምፒዩተር በገባ ጊዜ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት ካርዶች ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገሩባቸው ሁለት ነገሮች አስቀድመው መወሰን ነበረባቸው፤ አንደኛው ካርዱ የሚገኝበት የመግቢያና መውጫ አድራሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ካርዱ መረጃ ሲደርሰው ዋናውን አንጎለ ኮምፒዩተር ከሥራው አቋርጦ የሚጠራበት ኢንተርራፕት የተባለው መስመር ነው። እነዚህ መስመሮች በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ 16 ብቻ ሆነው፣ አብዛኞቹ በሰዓቱ፣ በኪቦርዱ፣ በዲስኩና በመሳሰሉት ተይዘው ስለነበር፣ ለኔትወርክ ካርድ የሚተርፉት ጥቂት ነበሩ። ምርጫው የሚደረገው ጃምፐር በተባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች በካርዱ ላይ ያሉትን እግሮች በማገናኘት ነበር፤ የትኛው መሰኪያ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው ግን በካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ቀጭን ቡክሌት ብቻ ነበር። ቡክሌቱ ከጠፋ፣ በብዙ አገር እንደሚሆነውም ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከጠፋ፣ ጤነኛው ካርድ ከተበላሸ ካርድ የማይለይ ይሆናል። ኖቬል የተባለው ኩባንያ ኤንኢ2000 በሚል ስም ያወጣው ካርድ በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አለው፤ በየአገሩ ያሉ ርካሽ አምራቾች እየቀዱ ስላባዙት፣ ድራይቨሩና የተለመደው ቅንብሩ፣ ማለትም በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር 300 የሆነው አድራሻና 3ኛው የኢንተርራፕት መስመር፣ በቃል የሚታወስ የጋራ ዕውቀት ለመሆን በቃ። ቡክሌት ለሌለው ባለሙያ ርካሹ ቅጂ ከውዱ ካርድ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቅንብሩን የሚያውቅ ሰው በየቦታው ይገኝ ነበርና።

የኖቬል ሶፍትዌር ሌላም ነገር አስተዋወቀ። ቅንብሩ ኔት ነጥብ ሲኤፍጂ በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይሰፍር ስለነበር፣ የድራይቨሩ ስም፣ አድራሻው፣ የኢንተርራፕቱ ቁጥርና የመረጃው አስተሻሸግ ዓይነት በአራት አጫጭር መስመሮች ይነበቡ ነበር። ፋይሉን የከፈተ ሁሉ መሣሪያው እንዴት እንደተቀናበረ ያያል፤ በዚህም መዝገቡና ቅንብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ሆኖም ፋይሉ ዝም ያለበት ነገር ነበር፤ አስተካካዩ የአስተሻሸጉን ዓይነት ካልጻፈ ድራይቨሩ ነባሪ የሚባለውን፣ ማለትም ምንም ባይነገረው በራሱ የሚወስደውን እሴት ይጠቀማል። ኖቬል ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ሲሻገር ይህን ነባሪ እሴት ከ802.3 ወደ 802.2 ስለለወጠው፣ አዲስ የተጫኑት ኮምፒዩተሮች በዚያው ኬብል ላይ ያለውን አሮጌ ሰርቨር ማየት ተሳናቸው። አንድም ሽቦ ሳይበጠስ፣ አንድም ካርድ ሳይቃጠል ቢሮው ለሁለት ይከፈል ነበር። ይህ ክስተት ሊመዘገብ የሚገባው የተቀየረው እሴት ብቻ እንዳልሆነ፣ ያልተነካው ነባሪ እሴትም ከነእትሙ መጻፍ እንዳለበት ያስተማረ ሲሆን፣ ትምህርቱ ዛሬም ድረስ በቅጡ አልገባም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 በተጀመረው ሊነክስ በተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ፣ በጎዳርድ ማእከል ይሠራ የነበረው ዶናልድ ቤከር ለሊነክስ አብዛኞቹን የመጀመሪያዎቹን የኤተርኔት ድራይቨሮች የጻፈ ሰው ሲሆን፣ ከቶማስ ስተርሊንግ ጋር ሆኖ በ1994 ተራ ኮምፒዩተሮችን በኤተርኔት አያይዞ ቤዎውልፍ የተባለውን ርካሽ የስሌት ማእከል የሠራውም እሱ ነው። ከቤከር ጋር ሊጠቀስ የሚገባው ፖል ጎርትሜከር ነው፤ ኤተርኔት ሃውቱ በሚል ስም ያዘጋጀው መመሪያ የእያንዳንዱን ካርድ ስም፣ አምራች፣ የድራይቨሩን ሁኔታና ሊሰጡት የሚችሉትን ቅንብሮች አንድ በአንድ የሚዘረዝር ነበር። የዚህ መመሪያ ትልቁ ባሕርይ አምራቹ ያልጻፈውን መጻፉ ነው፤ በቡክሌት መጥፋት የተሰወረው ዕውቀት በተጠቃሚዎች ተሰብስቦ፣ ማንም ሳይከፍል ሊያገኘው በሚችል ጽሑፍ ተመለሰ። መመሪያው ድራይቨሩ ካርዱን በየአድራሻው እየደባበሰ ራሱ እንዲፈልግ ማድረግ የሚያስከትለውን አደጋም ያስጠነቅቅ ነበር፤ በአንድ አድራሻ ላይ ሌላ መሣሪያ ካለ ድብበሳው ኮምፒዩተሩን ሊያደርቀው ስለሚችል፣ ኢንተርራፕቱንና አድራሻውን በማስነሻው መስመር ላይ ጽፎ መስጠት ይሻላል የሚል ነበር ምክሩ።

በእነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ሁኔታ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ ፕሮጀክት በስልክ መስመር እየተደወለ የሚላክ ኢሜይል አስጀመረ፤ ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት ደግሞ በጥር 1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ተጀመረ። በሞደምና በስልክ ሽቦ ለሚገባ ተጠቃሚ የኤተርኔት ካርድ አያስፈልገውም ነበር፤ ስለዚህ የጃምፐሩ፣ የቡክሌቱና የጽሑፍ ፋይሉ ዘመን ከአዲስ አበባ ጥቂት ቢሮዎች ውጭ ያለውን አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል ሳይነካ አለፈ። ይህ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። ጥቅሙ ከኢንተርራፕት ጣጣ መዳን ሲሆን፣ ጉዳቱ ደግሞ ቅንብርን የመጻፍ ልማድ የተወለደበት ዘመን በዚያው መቅረቱ ነው፤ ኤተርኔት በደቡብ ኢትዮጵያ በስፋት ሲደርስ ካርዱ ራሱን በራሱ የሚያስተዋውቅበት፣ ስለዚህም ማንም ምንም መጻፍ የማያስፈልገው የሚመስልበት ጊዜ ሆኖ ነበር።

ኤተርኔትን ወደ ወረዳዎች ያደረሰው ወረዳ-ኔት የተባለው የመንግሥት ፕሮጀክት ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ይህን ፕሮጀክት ሲነድፍ፣ ከ500 በላይ ወረዳዎችን ከየክልላቸውና ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በሳተላይት ማገናኘትን፣ ባለሥልጣናት በቪዲዮ ስብሰባ እንዲያደርጉም ማስቻልን ዓላማው አድርጎ ነበር። ስኩል-ኔት የተባለው እኅት ፕሮጀክት ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ በሚል ስም የሚታወሰውን የቴሌቪዥን ትምህርት ማሠራጨት ጀመረ። በሳተላይት ሳሕኑ ሥር የሚቀመጠው ዕቃ በየቦታው ተመሳሳይ ነበር፤ ራውተር፣ ስዊች፣ ጥቂት ኮምፒዩተሮችና የቪዲዮ መሣሪያው በኤተርኔት ኬብል ይያያዛሉ። በቦዲቲም ሆነ በአረካ፣ በገሱባም ሆነ በበሌ ያለ የወረዳ መሥሪያ ቤት ወደ ላይ የሚመለከተው በዚያን ጊዜ የክልሉ መቀመጫ ወደነበረችው ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ሲሆን፣ የሥርዓቱ አስተዳደርም ከማእከል የሚመራ ነበር። የመሣሪያዎቹን ቅንብር የሚያውቀው የዘረጋው አካል እንጂ አጠገባቸው የሚቀመጠው የወረዳ ሠራተኛ እንዲሆን አልታሰበም፤ ይህም ለማእከላዊ ሥርዓት ባሕርያዊ ነው፣ ነገር ግን ማእከሉ ራሱ ሲቀያየር ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ፤ ሥራው በ2003 ዓ.ም. ወደ መገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተሸጋገረ። በመካከሉም፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቁሞ የቀድሞውን ኮርፖሬሽን ተካ።

የሳተላይት መስመር ለድራይቨር ቅንብር የራሱ ጣጣ አለው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቆም፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ከዚህ ሌላ የኤተርኔት አንድ እሽግ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ መጠን 1500 ባይት ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ምስጢር መጠበቂያ ወይም ተጨማሪ ሽፋን ሲታከልበት እሽጉ ከልኩ ይተርፋል፤ የተረፈው እሽግ መቆራረጥ ካልተፈቀደለት ይጣላል። የዚህ ምልክት ባለሙያን የሚያደናግር ነው፤ አጭር ደብዳቤ ያልፋል፣ ትልቅ ሰነድ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፤ የመስመሩ መኖር ሲፈተሽ ሁሉም ደህና ይመስላል። መፍትሔው በካርዱ ወይም በራውተሩ ላይ የእሽጉን ጣሪያ ከ1500 ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያደረገ ባለሙያ ምክንያቱን ሳይጽፍ ከሄደ፣ ከዓመታት በኋላ መስመሩ ከሳተላይት ወደ ፋይበር ሲቀየር ተተኪው ያንን ያልተለመደ ቁጥር ስሕተት ነው ብሎ ያርመዋል፣ ወይም ደግሞ ፈርቶ አይነካውም። ሁለቱም ከመዝገብ እጦት የሚመጡ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ በዓለም ዙሪያ ኔትወርክን ያስቸገረው ግን የፍጥነትና የዱፕሌክስ ቅንብር ነው። ዱፕሌክስ የሚባለው ሁለቱ ጫፎች በአንድ ጊዜ ይነጋገራሉ ወይስ በየተራ የሚለው ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከሆነ ሙሉ፣ በተራ ከሆነ ግማሽ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የሰከንድ 100 ሜጋቢት ኤተርኔት ሲጸድቅ ሁለቱ ጫፎች አቅማቸውን ተነጋግረው የሚስማሙበት ራስ-ሰር ድርድር የተባለ ሥርዓት አብሮ ወጣ። የዚያ ዘመን ቺፖች ድርድሩን በተለያየ መንገድ ስለሠሩትና ብዙ ጊዜ ስላልተግባቡ፣ ባለሙያዎች ድርድሩን አጥፍቶ በሁለቱም ጫፍ ሙሉ ዱፕሌክስ ብሎ መቆለፍን ይመክሩ ጀመር። ምክሩ በጊዜው ትክክል ነበር። አደጋው አንደኛው ጫፍ ብቻ ሲቆለፍ ነው፤ ያልተቆለፈው ጫፍ ከተቆለፈው መልስ ሲያጣ ፍጥነቱን ከምልክቱ ቢለይም ዱፕሌክሱን ማወቅ ስለማይችል፣ በመስፈርቱ መሠረት ግማሽ ዱፕሌክስን ይይዛል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላው ሲናገር አቋርጦ ይናገራል፤ ሌላው ይህን እንደ ግጭት ቆጥሮ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ጭነቱ ሲቀል ሁሉም ጤነኛ ይመስላል፣ ሲበዛ መስመሩ ይንቀራፈፋል። የሰከንድ 1000 ሜጋቢት ኤተርኔት በመዳብ ሽቦ ላይ በ1999 ሲመጣ ድርድሩን የግድ አደረገው፤ የቺፖቹም ጉድለት በዚያው ዘመን ታረመ። ምክሩ ግን አልሞተም፤ ለምን እንደተሰጠ ሳይጻፍ «ድርድሩን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ለዓመታት ኔትወርክ ሲያበላሽ ኖሯል። እሴት ያለ ምክንያቱ ከተመዘገበ፣ እንደ ሥርዓተ ጸሎት ትርጉሙ ሳይታወቅ የሚደገም ይሆናል፤ ከዚህ አንጻር ሲታይ መጥፎ መዝገብ መዝገብ ከማጣት የከፋ ነው።

በወላይታ ሶዶ ኤተርኔት ከቢሮ አልፎ ግቢ ያከለው ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋሙት አዳዲስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋናው ግቢ ጋንዳባ፣ የሕክምና ትምህርቱና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ የሚገኙበት ኦቶና፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮ የሚገኘው ደግሞ ታርጫ ይባላል። የኢትዮጵያን ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስና ከውጭው ዓለም የምርምር ተቋማት ጋር የሚያገናኘው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ሲሆን፣ ስያሜው ኢተርኔት ተብሎ ስለሚጠራ ከካርዱ ኤተርኔት ጋር የሚያምታታቸው ብዙ ናቸው። ይኸው ተቋም የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ኔትወርኮች የተሰባሰቡበት የኡቡንቱኔት ኅብረት አባል ነው። ባለሙያ በማፍራት በኩል ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ሥርዓቱ ድርሻ አለው፤ ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ የተባለው የሙያ ደረጃ ኔትወርክ ከመዘርጋትና ብልሽት ከመፈለግ ጋር የቴክኒክ ሰነድ ማዘጋጀትንም ሠልጣኙ ሊመዘንበት ከሚገባው ብቃት ውስጥ አስገብቶታል። ሰነድ መጻፍ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። በአገሪቱ የሥራ ልማድ ውስጥ ግን ኬብል የዘረጋ ሰው ሲመሰገን ይታያል፤ ስለ ዘረጋው ኬብል የጻፈ ሲመሰገን ማየት ብርቅ ነው።

በመካከሉ ድራይቨሮቹም ተለውጠው ነበር። ካርዶች ፒሲአይ በተባለው ማስገቢያ ራሳቸውን ማስተዋወቅ ስለጀመሩ አድራሻና ኢንተርራፕት መምረጥ ቀረ፤ በምትኩ የብቃት ቅንብሮች በዙ። ኢንቴል ለሰከንድ 1000 ሜጋቢት ካርዶቹ ኢ1000 በሚል ስም ካወጣው ድራይቨር ጋር ያያዘው ሰነድ የዚህ አጻጻፍ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱን ቅንብር በስሙ ይጠራል፣ የተፈቀደውን ወሰን፣ ነባሪውን እሴትና ውጤቱን ያስቀምጣል። ለምሳሌ ደርሰው ተራ የሚጠብቁ እሽጎች የሚመዘገቡባቸው ቦታዎች በቀደሙት ቺፖች ከ48 እስከ 256፣ በኋለኞቹ እስከ 4096 ሊሆኑ እንደሚችሉና ነባሪው 256 እንደሆነ ይናገራል። አንባቢው ቁጥሩን ቢጨምር ምን እንደሚያተርፍ፣ ከኮምፒዩተሩ ማህደረ ትውስታም ምን ያህል እንደሚወሰድበት ከዚያው ይረዳል። የሊነክስ ዋና አዘጋጆች ግን አምራቹ ሁሉ የራሱን የቅንብር ስም እየፈጠረ ማስገባቱን አልወደዱትም፤ ለሁሉም ካርድ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ የሚሠራ ኢትቱል የተባለ መሣሪያ አዘጋጅተው ድራይቨሮች ወደዚያ እንዲመጡ ገፉ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ባለሙያው አንድ መሣሪያ ተምሮ ለሁሉም ይጠቀምበታልና። ነገር ግን በኢትቱል የተሰጠ ቅንብር የሚቆየው ኮምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው፤ እንዲጸና ከተፈለገ በማስነሻ ፋይሎች ውስጥ መጻፍ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ትናንት በትክክል የተስተካከለ ሰርቨር ዛሬ መብራት ሄዶ ሲመለስ ወደ ነባሪው እሴት ይመለሳል፣ ጥፋቱም በመብራቱ ይሳበባል።

የቋንቋው ጉዳይም ሳይነሣ አይታለፍም። የሊነክስ ድራይቨሮች ሰነድ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ ወጥ አደረጃጀት እየተዘጋጀ ወደ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ከፊሉ ተተርጉሟል፤ አማርኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ወላይትኛም የለም። በሶዶ ያለ ባለሙያ መመሪያውን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ለአለቃው ደብዳቤ በአማርኛ ይጽፋል፣ ከባልደረባው ጋር ስለ ብልሽቱ በወላይትኛ ይነጋገራል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍና ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚያገለግል ቋንቋ ነው፤ የጽሑፍ ቋንቋ ጉዳይ ምን ያህል ስሜት እንደሚነካም በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ያዳበለ መማሪያ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ በሶዶ የተነሣው ተቃውሞ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ በቅንብር ፋይል ውስጥ ማሽኑ በማያነበው የማስታወሻ መስመር ላይ ምክንያቱን በአማርኛ ወይም በወላይትኛ ለማስፈር የሚከለክል ነገር የለም። እሴቱ የማሽኑ ስለሆነ በማሽኑ ቋንቋ ይቀመጣል፤ ምክንያቱ ግን የሚጻፈው ለተተኪው ሰው ስለሆነ፣ ተተኪው ፈጥኖ በሚረዳው ቋንቋ ቢጻፍ ይመረጣል።

ሶዶ በኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ ያላት አዲስ ቦታ ደግሞ ጉዳዩን ከቢሮ ኮምፒዩተር በላይ ያደርገዋል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ኃይል የሚወስደው 500 ኪሎ ቮልት የቀጥታ ኤሌክትሪክ መስመር የሚነሣውም በወላይታ ሶዶ ከተተከለው መቀየሪያ ጣቢያ ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ይህ መስመር እስከ 2,000 ሜጋዋት እንዲያስተላልፍ የተነደፈ ሲሆን ሥራ የጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በዘመናችን በሚሠሩ የኃይል ጣቢያዎች ዘንድ ማብሪያና ማጥፊያዎቹ፣ መለኪያዎቹና መከላከያዎቹ የሚነጋገሩት አይኢሲ 61850 በተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት በኤተርኔት ላይ ሲሆን፣ የመስፈርቱ ስድስተኛ ክፍል አንድን የጣቢያ ቅንብር የሚገልጽ የፋይል ቋንቋ ይደነግጋል። በዚህ አሠራር ሰነዱ ከተሠራ በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ መሣሪያዎቹ ራሳቸው የሚቀናበሩበት ምንጭ ይሆናል፤ መዝገቡ ከተሳሳተ ሥራው ስለሚሳሳት መዝገቡን ችላ ማለት አይቻልም። ከጃምፐሩ ቡክሌት ወዲህ ለተነሣው ችግር ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው።

ለቢሮ ኔትወርክ እንዲህ ያለ ጥብቅ መስፈርት አልተደነገገም፣ ባይደነገግም የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የክልል ቢሮዎች ወደ ሶዶ ሲገቡ፣ ቀድሞ ወደ ሐዋሳ ያመለከቱ የነበሩ የወረዳ መስመሮች አቅጣጫቸውን ሲቀይሩ፣ አሮጌው ቅንብር በአዲሱ የሚተካበት ጊዜ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የኔትወርክ ካርዱንና የስዊቹን ዓይነት፣ የድራይቨሩን ስምና እትም፣ ከነባሪው የተለየውን እሴት፣ የተለየበትን ምክንያት፣ ያስተካከለውን ባለሙያና ቀኑን የያዘ አንድ ገጽ ከመሣሪያው ጋር እንዲረከብ፣ ይህም በግዥ ውል ውስጥ እንደ ኬብሉ ርዝመት የርክክብ ሁኔታ ሆኖ እንዲገባ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲውና የቴክኒክ ኮሌጆቹ የገጹን ቅጽ አዘጋጅተው በአማርኛና በወላይትኛ ቢያቀርቡ፣ ከማንም ፈቃድም ሆነ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ነው።